«አቶ» የተባለው ሕፃን፦ ስለ «ቤት ለአቶ ቢስዋስ» እናውራ

ጽጌ_ንባብ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ዓይኗም ደክሟል። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብላታለሁ። ሰሞኑን የቪ.ኤስ. ናይፖልን «ቤት ለአቶ ቢስዋስ» በቃሌ እየተረጎምኩ ጀመርኩላት። እንደ ፈረንጆቹ በ1961 የወጣ ልብ ወለድ ነው። ካሪቢያን ውስጥ፣ ትሪኒዳድ ደሴት ላይ፣ ስለሚኖር የሕንድ ዘር ቤተሰብ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሞሁን ቢስዋስ ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ሲከፈት 46 ዓመቱ ነው፤ ሊሞት ነው። ታሞ ከሥራ ተሰናብቷል። አራት ልጆች አሉት። በእጁ ገንዘብ የለም። ያለው አንድ ቤት ነው፣ ፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ፣ ሲኪም ጎዳና ላይ። በዚያ ቤት የ3,000 ዶላር ዕዳ አለበት፣ 8 በመቶ ወለድ የሚከፈልበት።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኩለ ሌሊት ላይ ተገልብጦ ተወለደ፤ ስድስት ጣት ይዞ። ፓንዲቱ፣ ማለት የሂንዱው ካህን፣ ይህን ልጅ ከዛፍና ከውኃ አርቁት አለ። አንድ ቀን ልጁ ጠፋ። አባትየው ኩሬ ውስጥ ገብቷል ብሎ ሊያወጣው ጠለቀ፤ እዚያው ቀረ። ልጁ ግን ፈርቶ ተደብቆ ነበር። በዚህ ምክንያት ቤታቸው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው አብዛኛውን ዕድሜውን የሰው ቤት ነው የኖረው። በተለይ የሚስቱ የሻማ ቤተሰቦች ቤት። (አዎ፣ ስሟ በእኛ ቋንቋ ሻማ ነው። እናቴ በጣም ወደደችው።)

አሁን ችግሬ። ደራሲው ይህን ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «አቶ ቢስዋስ» ነው የሚለው። የተወለደ ዕለትም አቶ ቢስዋስ ነው። ጡት ሲጠባም አቶ ቢስዋስ። እንግሊዝኛው ላይ ቀላል ነው። አማርኛ ላይ ግን «አቶ» ካልኩ በኋላ ግሡ ያጣብቀኛል። «አቶ ቢስዋስ ተወለደ» ልበል ወይስ «ተወለዱ»? «አለቀሰ» ወይስ «አለቀሱ»? እስካሁን አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ እያልኩ እናቴን ግራ አጋብቻታለሁ።

ሌላም አለ። ካሪቢያን ስላት «ታዲያ ሕንዶቹ እዚያ ምን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። በደንብ መመለስ አልቻልኩም። የምታውቁ እርዱኝ።

ካርታ_ወዳጅ

ጽጌ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልሞክር።

ትሪኒዳድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ኑሮዋ ሸንኮራ አገዳ ነበር። ሸንኮራውን የሚቆርጡት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 ነው። ነገር ግን «ልምምድ» በሚል ስም ለቀድሞ ጌቶቻቸው እንዲሠሩ ተደርጎ እውነተኛው ነፃነት የመጣው በ1838 ነው። ነፃ የወጣ ሰው ደግሞ በዚያው እርሻ ላይ በዚያው ዋጋ መሥራት አልፈለገም። ማን ይፈልጋል?

ባለ እርሻዎቹ ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ። የመጀመሪያዋ መርከብ ፋቴል ራዛክ እንደ ፈረንጆቹ በሜይ 30፣ 1845 ደረሰች። ይህ ቀን ዛሬ ትሪኒዳድ ውስጥ የሕዝብ በዓል ነው። እስከ 1917 ድረስ ወደ 144 ሺህ ሕንዳውያን ገቡ። ኮንትራቱ የአምስት ዓመት ነበር። ሠራተኛው ያለ ይለፍ ወረቀት ከእርሻው መውጣት አይችልም። ቢወጣ ይታሰራል።

ሂንዱዎቹ ባሕሩን «ጥቁር ውኃ» ይሉታል። የተሻገረ ሰው ካስቱን፣ ማለትም ሲወለድ የወረሰውን የማኅበረሰብ ደረጃ፣ ያጣል ተብሎ ይታመን ነበር። መጽሐፉን ያለዚህ መረዳት ይከብዳል። ቱልሲዎች፣ የሻማ ቤተሰቦች፣ ሀብታም ናቸው። ሱቅ አላቸው፣ መሬት አላቸው፣ ምሽግ የመሰለ ትልቅ ቤት አላቸው። ቢስዋስ ድሃ ምልክት ጻፊ ነው። የሱቃቸውን ማስታወቂያ ሊቀባ ገብቶ ለሻማ የፍቅር ወረቀት ጣል አደረገላት። ወረቀቷ ተያዘች። ሌላ ቤት ቢሆን ዱላ ነበር። እዚህ ግን የሻማ እናት ወይዘሮ ቱልሲ አስቀምጠው ዳሩት! ለምን? ብራህሚን ስለሆነ። ከላይኛው ካስት ነው። ኪሱ ባዶ ነው፣ ደሙ ግን ይፈለጋል። ጥሎሽ የለም፣ ድግስ የለም። ልጂቱን ያለ ወጪ ዳሩ፣ ጉልበት የሚሰጥ አማች አገኙ።

ስለዚህ ዘርና መደብ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ መስመር ላይ አይሄዱም። በአንዱ ሚዛን ከፍ ያለ ሰው በሌላው ዝቅ ይላል። የቢስዋስ እህት ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ከሀብታም አክስቷ ግቢ ሠራተኛ ጋር ኮበለለች፤ ካስቱ ዝቅ ያለ ነው። አክስትየዋ በሯን ዘጋችባት። ያ የተናቀ ሰው ነው በኋላ ቢስዋስ ከተማ ሲገባ በክብር ያስተናገደው። ይህን ክፍል ሁሌም አስታውሰዋለሁ።

የቤይሩቷ

መጽሐፉን አላነበብኩም። ግን «ኮንትራት» የሚለውን ሳይ ቆምኩ።

እዚህ ቤይሩት እኛ የቤት ሠራተኞች ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠያየቀው «ኮንትራት ነሽ ወይስ ፍሪላንስ?» ብለን ነው። ኮንትራት ማለት ከአሠሪዋ ቤት የምታድር ናት። ፓስፖርቷ እነሱ ጋ ነው። ያለ ፈቃድ በር አትወጣም። አምስት ዓመት፣ ይለፍ ወረቀት፣ ብትወጣ ትታሰራለህ። ካርታ_ወዳጅ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እነዚያ ሰዎች ኮንትራታቸው ሲያልቅ ለምን አልተመለሱም?

ካርታ_ወዳጅ

እህቴ፣ የተመለሱ አሉ። አብዛኞቹ ግን ቀሩ። በአንድ ወቅት የመመለሻ ጉዞውን ለተወ ሰው መሬት ይሰጥ ነበር። ሌላው ደግሞ አገር ቤት ልጆች፣ እዚያም ልጆች ተወለዱ፤ ዓመት ዓመትን ወለደ። መጽሐፉ ውስጥ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ሕንድ የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። እንሄዳለን ይላሉ። ዕድሉ ሲመጣ ግን ይፈራሉ። የማያውቁትን አገር ፈርተው፣ ጊዜያዊ ያሉትን ኑሮ መልቀቅ ያቅታቸዋል።

የቤይሩቷ

ገባኝ። በጣም ገባኝ።

ጥቁር_አባይ

እኔ ይህን መጽሐፍ ሳነብ ተናድጄ ነው የጨረስኩት። ምክንያቴን ልናገር።

በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ውስጥ የሕንድ ዘር ያለው 35 በመቶ፣ የአፍሪካ ዘር ያለው 34 በመቶ ነው። እኩል ማለት ይቻላል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ጥቁር ሰው የት አለ? ወይ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ጎረቤት ነው፣ ወይ መንገድ አላፊ ነው። ወይዘሮ ቱልሲ ከተማ ውስጥ አንዲት ጥቁር ሠራተኛ አለቻቸው። የምትጠራው «ሚስ ብላኪ» ተብላ ነው። በቀለሟ ነው የምትጠራው! እሷም እመቤቷን ለማስደሰት የራሷን ወገን ታማለች። ያን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ወጣሁ።

የዚያች ደሴት የመጀመሪያው ቁስል የአፍሪካውያኑ ነው። ሸንኮራው በእነሱ ደም ነው የበቀለው። ስለ ዘርና መደብ የተጻፈ ትልቅ ልብ ወለድ እየተባለ እነሱን ጥግ ላይ ማስቀመጥ አይዋጥልኝም።

ጽጌ_ንባብ

ጥቁር_አባይ፣ ንዴትህን አልነቅፍም። ስለ ሚስ ብላኪ የጻፍከው ትክክል ነው። ያን ገጽ ለእናቴ ሳነብላት ድምፄ ተለወጠ፤ እሷም ዝም አለች።

ግን ስለ አቶ ማክሊን ላውራ። ግሪን ቬል በተባለው እርሻ ላይ ቢስዋስ የመጀመሪያ ቤቱን የሚሠራለት ጥቁር አናጢ ነው። ቢስዋስ ገንዘብ የለውም። ማክሊንም ሥራ የለውም። ሁለቱም ይህን አይናገሩም። እንደ ትልቅ ባለጉዳይና እንደ ትልቅ ተቋራጭ ሆነው ይነጋገራሉ። የኮንክሪት ምሰሶ ይነሳል፤ ኋላ ምሰሶው እንጨት ይሆናል። ጣውላው ይወርዳል። ቆርቆሮው አሮጌ ይሆናል፣ የምስማር ቀዳዳ ያለው። ቀዳዳው በሬንጅ ይደፈናል። እያንዳንዱ ነገር ሲቀነስ ሁለቱም «እንዲያውም ይሄ ይሻላል» ይባባላሉ። አንዱ የሌላውን ገመና ይሸፍናል።

ፀሐይ ሲወጣ ሬንጁ ቀልጦ ከጣሪያው እንደ እባብ ይንጠለጠላል። ቢስዋስ ማታ ተኝቶ ቀና ሲል እባብ ያያል። አእምሮው የታወከው እዚያ ቤት ውስጥ ነው።

እዚያ ምዕራፍ ላይ ደራሲው ለጥቁሩ ሰው ያለውን አክብሮት አይቻለሁ። እሱንም «አቶ» ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ግን ማክሊን ከታሪኩ ይወጣል፤ አይመለስም። እዚህ ላይ አንተ ልክ ነህ። ወደ ማክሊን ቤት ገብተን ባየን ኖሮ እላለሁ።

ጥቁር_አባይ

ማክሊንን በዚህ ዓይን አላየሁትም ነበር። ያን ምዕራፍ እመለስበታለሁ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ደራሲው የሚያውቀውን ጻፈ ትሉኛላችሁ። እሺ። ግን አጥር ያለበት ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው አጥሩን አይቶ ነው ወይ የጻፈው፣ ወይስ አጥሩ አልታየውም? እኔ አንዳንዴ አልታየውም እላለሁ።

እማወራ

ሁላችሁም ስለ ቢስዋስ ታወራላችሁ። ሻማን ማን ያስታውሳት?

የአሻንጉሊት ቤቱን ታሪክ ልንገራችሁ። ቢስዋስ እርሻው ላይ ይሠራል፤ ሚስቱና ልጆቹ ሃኑማን ቤት፣ ቱልሲዎች ግቢ ናቸው። ገና ሲደርስ ለሴት ልጁ ለሳቪ ትልቅ የአሻንጉሊት ቤት ገዝቶ ይመጣል። ክፍሎች ያሉት፣ ዕቃ የተደረደረበት። በዚያ ግቢ ደግሞ የእህትማማቾቹ ልጆች አይቆጠሩም። ሁሉም ለገና አንድ ዓይነት ትንሽ ነገር ነው የሚያገኙት። አንዷ ልጅ ቤት አገኘች። ግቢው ፀጥ አለ። እህቶቹ ሻማን አያናግሯትም። ልጆቹ ሳቪን አያጫውቷትም።

በሚቀጥለው ጊዜ ቢስዋስ ሲመጣ የአሻንጉሊቱ ቤት ተሰባብሮ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። የሰበረችው ሻማ ናት።

ወጣት ሆኜ ሳነበው ሻማን ጠላኋት። አሁን ሦስት ልጆች ወልጄ፣ ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር አንድ ግቢ ስምንት ዓመት ኖሬ ሳነበው አለቀስኩ። እሱ ስጦታውን ሰጥቶ ወደ እርሻው ይሄዳል። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የምታድረው እሷ ናት። ማድቤቱ የጋራ ነው። ውኃው የጋራ ነው። ልጅሽ ቢታመም የሚደርሱልሽ እነዚያው ናቸው። አንድ አሻንጉሊት ሰብራ ለልጆቿ ሰላም ገዛች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ይመስለኛል።

ሰዎች ይህን መጽሐፍ የአንድ ወንድ ቤት ፍለጋ ነው ይሉታል። ለእኔ ግን በሁለት ቤት መካከል የቆመች ሴት ታሪክም ነው። እያንዳንዱን የተሳሳተ ጎጆውን ተከትላው ሄዳለች። ሂሳብ የምትይዘው እሷ፣ ዕቃ የምትጭነው እሷ።

ማለፊያ

እማወራ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቢስዋስን ጀግና አናድርገው። አማቶቹን ይሳደባል፤ ምግባቸውን ግን ይበላል። ልጁን አናንድን ያዋርደዋል። በታመመበት ወቅት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይመታል። ድህነት አስመርሮት ነው ብለን ማለፍ የለብንም። የተዋረደ ሰው ያገኘውን ደካማ ያዋርዳል፤ መጽሐፉ ይህን አልደበቀም።

አንድ ቦታ ብቻ ይቅር እንድለው ያደርገኛል። ግሪን ቬል ላይ ሻማ ልጆቹን ይዛ ልትሄድ ስትል ትንሹ አናንድ አልሄድም ይላል። አባቱን እንኳን ያን ያህል አይወደውም። ለምን ቀረህ ሲለው፣ ብቻህን ጥለውህ ሊሄዱ ስለሆነ ነው ይለዋል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆሜ እተነፍሳለሁ።

ፊደል_ቆጣሪ

ወደ ጽጌ የመጀመሪያ ጥያቄ ልመለስ። እኔ ትርጉም ሥራ ላይ ነኝ፤ ይህ ዓይነት ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

እንግሊዝኛው «አቶ»ን ብቻ ነው ያለው። አማርኛ ግን ማዕረጉን ግሡ ውስጥም ያስገባል። እኔ «ተወለዱ» በይ እላለሁ። «አቶ ቢስዋስ ሲወለዱ ስድስት ጣት ነበራቸው።» ጆሮ ላይ መጀመሪያ ይከብዳል። ይክበድ! ሕፃን ልጅ «ነበራቸው» ሲባል አንባቢው ቀና ይላል። ለምን እንዲህ ተከበረ ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉም የሚፈልገው ያንን ጥያቄ ነው።

ከዚያ በቱልሲዎች አፍ ላይ ሲደርስ «አንተ» አድርጊው። አማቱም፣ የቤቱ አዛዥ አጎት ሴዝም፣ የሻማ እህቶች ባሎችም ሁሉ አንተ ይበሉት። አየሽ፣ ተራኪው አንቱ ይላል፤ ቤቱ አንተ ይላል። እንግሊዝኛው ውስጥ ያለው ክፍተት በአማርኛ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል። ቤቱ የነፈገውን ክብር ተራኪው ከልደቱ ጀምሮ ሲሰጠው ይኖራል።

ደግሞ ተራኪው ማን እንደሆነ አስቢ። የናይፖል አባት ሲፐርሳድ ትሪኒዳድ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ይሠራ የነበረ ዘጋቢ ነው። ምልክት ይጽፍ ነበር፤ አጫጭር ልብ ወለዶችም ጽፏል። በሚስቱ ቤተሰብ ጥላ ሥር ኖሯል። ያ ቤተሰብ ቻጓናስ ከተማ ውስጥ የሠራው «የአንበሳ ቤት» ዛሬም ቆሟል፤ ሃኑማን ቤት የተቀዳው ከእሱ ነው። አባትየው በ1953 ሲሞት ልጁ እንግሊዝ አገር ነበር፤ ለስንብቱ አልደረሰም። ከስምንት ዓመት በኋላ ይህ መጽሐፍ ወጣ። ልጅ አባቱን ከልደቱ ጀምሮ «አቶ» እያለ ጠራው። እኛ አገር አባቱን አንተ የሚል ልጅ አለ፣ አንቱ የሚልም አለ። ይህ ልጅ የትኛውን ይመርጥ ነበር? እኔ አንቱ እላለሁ።

የንግግሩ ነገርም አለ። ገጸ ባሕርያቱ በሂንዲ ሲያወሩ ደራሲው በተስተካከለ እንግሊዝኛ ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ደግሞ በትሪኒዳድ ሰፈር እንግሊዝኛ። ለእናትሽ ስታነቢ ሂንዲውን በጥሩ የቤት አማርኛ፣ እንግሊዝኛውን በሰፈር አማርኛ ብትለዪው ይሄዳል። ቢስዋስ ሻማ በሂንዲ ስታናግረው በእንግሊዝኛ የሚመልስባት ጊዜ አለ። እዚያ ድምፅሽን ቀይሪ፤ ጥሉ ይሰማል።

ማለፊያ

ፊደል_ቆጣሪ፣ ሚስቱን ሲመታም «መቱ» ልትል ነው?

ፊደል_ቆጣሪ

አዎ። «መቷት» እላለሁ። ክብሩ የሥራው ዋጋ አይደለም። ሰው ስለሆነ የተሰጠው ነው። ክፉ ሲሠራም ከላዩ አይወልቅም፤ ለዚያም ነው ክፋቱ ይበልጥ የሚያመው።

ማለፊያ

ማሰብ አለብኝ።

እማወራ

ከሆነስ ሻማንም «ወይዘሮ ሻማ» በሉልኝ።

የቤይሩቷ

ጽጌ መጨረሻውን ንገሪኝ። ቤቱን አገኘው?

ጽጌ_ንባብ

ትናንት ማታ ጨረስነው። ያላነበበ ይህን ይለፈው።

አገኘው። በ5,500 ዶላር። ተጣልቶ ከአማቱ ቤት ውጣ ተብሎ፣ በችኮላ፣ በደንብ ሳያየው ነው የገዛው። ከገባ በኋላ ጉዱ ወጣ። የማይዘጉ መስኮቶች አሉ። የማይከፈት በር አለ። ደረጃው ከኋላ በኩል እንደ ነገሩ ተለጥፏል። የሸጠለት ሰው ቤት እየሠራ መሸጥ ልማዱ ነው። ቢስዋስና ሻማ ለጥቂት ቀን ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። ከዚያ ቀለም ቀቡ። አበባ ተከሉ። ልጆቹ ቤቱን ለመዱት። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ አስቀምጠው፣ ደረጃውን ሳያሳዩ አስተናግደው ሸኙ። እንግዶቹ ቤቱን አድንቀው ሄዱ።

እዚህ ላይ እናቴ ሳቀች። ከዚያ እንባ መጣባት። የእኛ ቤት በር ክረምት ሲመጣ ያብጥ ነበር። አባቴ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ከፍቶ ድንጋይ ያስደግፈዋል። «ነፋስ ይግባ ብዬ ነው» ይላል። በዚያ ቤት ዕዳ ሃያ ዓመት ሠራ። አናጢው ያታለለውን ነገር ለማንም ሳይናገር ሞተ።

ቢስዋስም ያንን ቤት ብዙም አልኖረበትም። ልቡ ታመመ። አናንድ ከእንግሊዝ አልመጣም። ሳቪ መጣች፤ ሥራም አገኘች፣ እሱ አግኝቶት ከሚያውቀው በላይ ደመወዝ። አስከሬኑ ከራሱ ቤት ወጣ። እንደ ሂንዱ ወግ አስከሬኑ ተቃጥሎ ሲያበቃ የሻማ እህቶች ወደየቤታቸው ሄዱ። ሻማና ልጆቿ በመኪናቸው ወደ ባዶው ቤት ተመለሱ። አለቀ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ካርታው በማን ስም ነው?» አለችኝ።

«ቤቱ የሱ ነው። የመሬቱን ኪራይ ግን ወር በወር ይከፍል ነበር» አልኳት።

«የሳቸው በይ እንጂ» አለችኝ።